መዝጊያው አይታየኝም

ፍኖተ ሰላም፣ ዞኑ መሥሪያ ቤት የተመደብኩት ከኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ ነው። የደምበጫ ልጅ ስለሆንኩ ሩቅ አገር አልሆነብኝም፤ ቅዳሜ እናቴ ቤት ገብቼ ሰኞ ጧት በመጀመሪያው መኪና እመለሳለሁ። ጊዜው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሰው ቢሮ ውስጥ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሻይ ቤት ሲገባም ከኋላው ማን እንደተቀመጠ ዞር ብሎ ሳያይ ወሬ አይጀምርም።

የተቀጠርኩት የገበሬው የመሬት ይዞታ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር በሚዛወርበት ሥራ ላይ ነበር። የሚጽፉት በየወረዳው ያሉ ጸሐፊዎች ናቸው። ከቡሬ፣ ከሽንዲ፣ ከደምበጫ፣ ከገበዝ ማርያም የተጻፈው በፍላሽ ተጭኖ በሹፌር እጅ ይመጣልኛል። የእኔ ድርሻ መመርመርና ደህና የሆነውን ወደ ባሕር ዳር ማሳለፍ ነው።

የአጻጻፉ ስልት ኤክስኤምኤል ይባላል። ነገሩ ቀላል ነው። የተጻፈው ሁሉ በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት መካከል ይቀመጣል። ጸሐፊው ስም ብሎ ይከፍታል፣ የገበሬውን ስም ያስገባል፣ እንደገና ስም ብሎ ይዘጋል። መዝጊያውን ከመክፈቻው የምትለየው አንዲት ጋደል ያለች ጭረት ብቻ ናት። ይቺ ጭረት ከተረሳች ግን የባሕር ዳሩ ኮምፒውተር ፋይሉን ጠቅላላውን አልቀበልም ይላል። በአንድ ገበሬ መስመር ላይ በቀረች ጭረት ምክንያት የቀበሌው ሰው በሙሉ የይዞታ ደብተሩ ሳይታተምለት ይከርማል።

ምርመራውን የምሠራው በኮምፒውተሩ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ በመጻፍ ነበር። የፕሮግራሙን ስም እጽፋለሁ፣ የፋይሉን ስም አስከትላለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ። ፋይሉ ደህና ከሆነ ፕሮግራሙ ምንም አይልም። ጥፋት ካገኘ መስመሩን ይጠቅሳል፤ ከሥሩም ትንሽ ቀስት አስቀምጦ እዚህ ላይ ነው ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ዝምታው ግራ ያጋባኝ ነበር፤ ያልሠራ እየመሰለኝ ደጋግሜ እሞክረዋለሁ። እየቆየሁ ስሄድ ግን ከቢሮው ድምፅ ሁሉ እሱን ዝምታ መውደድ ጀመርኩ።

የቡሬውን ጸሐፊ መጀመሪያ ያወቅኋቸው በስልክ ነው። ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ “ሃሎ” ብሎ ሲጀምር እሳቸው “እንዴት አደራችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?” ብለው ሳይጨርሱ ወደ ሥራው አይገቡም ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። በደርግ ጊዜ ሰሜን የጦር ግንባር የሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ጽሕፈትንም የተማሩት እዚያው ነው። ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገራቸው ገቡ። የወታደርነት ዘመናቸው ለጡረታ አልተቆጠረላቸውም። ብዙ ዓመት ቡሬ ፍርድ ቤት ደጃፍ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በታይፕ ማመልከቻ ሲጽፉ ከርመው ነው ወረዳው በጸሐፊነት የቀጠራቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ቋሪት ውስጥ፣ ከገበዝ ማርያም ወጣ ብሎ፣ የምታርስ ታናሽ እኅት አለቻቸው። ይህን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ፣ መስመሩ እስኪቆረጥ ድረስ፣ በስልክ ነው የነገሩኝ።

የመጀመሪያው ዓመት ፋይሎቻቸው ንጹሕ ነበሩ። ከሌሎቹ ወረዳዎች ጥፋቱ የተለያየ ነው፦ አንዱ የእንግሊዝኛውን ምልክት በአማርኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ አንዱ መብራት ሲጠፋበት ግማሹን ይልካል። ከቡሬ ሲመጣ ግን ትእዛዙን ሰጥቼ ሻይዬን አነሳለሁ፤ ፕሮግራሙም ዝም ይላል።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ አንድ ጭረት ጎደለች። ቀጥሎ በየገጹ ትጎድል ጀመር። ደውዬ ስነግራቸው፣

“እንዴት አመለጠችኝ እባክሽ?” አሉ።

“ይደርሳል ጋሼ። መስመሩን ልንገርዎት ይጻፉት።”

“በወረቀት አድርገሽ ብትልኪው አይሻልም?”

ስለዚህ ፕሮግራሙ ያለውን አትሜ፣ በፖስታ አሽጌ፣ ከፍላሹ ጋር በሹፌር መላክ ጀመርኩ። በየወሩ ወረቀቱ እየበዛ ሄደ። አንዳንዴ የታረመው ፋይል ካልታረመው የባሰ ጥፋት ይዞ ይመለሳል።

በኋላ ወረዳዎቹን ለማሠልጠን ወደ ቡሬ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ በርበሬ የጫኑ አህዮች መንገዱን ሞልተውታል፣ ቢሮ ድረስ እያስነጠሰኝ ገባሁ። ጋሼን በአካል ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ረጅም፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ሸሚዛቸው እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ናቸው። ብድግ ብለው ሰላም አሉኝ። ፍላሹን ስዘረጋላቸው ግን እጃቸው አጠገቤ ያለውን ባዶ አየር ጨብጦ ተመለሰ። ሁለታችንም እንዳላየ ሆንን። ተቀምጠው ሥራ ሲጀምሩ አፍንጫቸው የኮምፒውተሩን መስተዋት ሊነካ ደረሰ፤ ጭንቅላታቸውን እንደ ዶሮ ወደ ጎን አዘንብለው፣ በአንድ ዓይናቸው ዳር ነበር የሚያዩት።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ በሩን ገፋ አደረግሁትና፣

“ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጠርገው ጠርገው መልሰው አደረጉት።

“ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። መሐሉ ይታየኛል፣ ዙሪያው እየጨለመ ይመጣል። አሁን መሐሉም መሽቷል።”

“ሐኪም አዩ?”

“ሐኪም ካየሁ ወረቀት ይጽፍብኛል። ወረቀቱ እዚህ ይደርሳል። ዓይነ ስውር ጸሐፊ ማን ያስቀምጣል? ልጄ፣ እኔ ሌላ የምሠራው የለኝም። እስቲ ለጊዜው ሸፍኚልኝ።”

ሸፈንኩላቸው። የኮምፒውተሩን ፊደል እስከቻልኩት ድረስ አተለቅኩላቸው። የመመርመሪያውን ፕሮግራም በሳቸው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩና ጥፋት ሲያገኝ እንዲጮህ አደረግሁት፤ ማንበብ ባይችሉ እንኳ በጆሯቸው እንዲያውቁ ብዬ ነው። ሲሰሙት ደስ አላቸው። “ሬዲዮ አደረግሽው እኮ!” ብለው ሳቁ። እኔም ነገሩ የተቃና መስሎኝ፣ ልቤ ቀሎኝ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ።

አልተቃናም። ጩኸቱ ጥፋት መኖሩን ይነግራቸዋል እንጂ የት እንደሆነ አያሳያቸውም። ቀስቷን ማየት ስለማይችሉ በእጅ በትልቁ የተጻፈውን የገበሬዎቹን መዝገብ ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ ከመጀመሪያው መስመር አንስተው እንደ አዲስ ይጽፉ ነበር። እንደገና ይጮሃል፤ እንደገና ይጽፋሉ። የቡሬው ሥራ ከሁሉም ወረዳ ወደ ኋላ ቀረ። በእቅዱ መሠረት ማለቅ የነበረበት ቀበሌ ሁሉ ገና “በሂደት ላይ” ሆኖ ቀረ። ገበሬዎቹም የይዞታ ደብተራቸውን ፍለጋ ከገጠር እየመጡ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ውለው ይመለሱ ጀመር።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ከዞን በየስብሰባው “ቡሬ ለምን?” ሲባል መልስ አጥቷል። አንድ ቀን እኔ የላክኋቸውን ወረቀቶች ከጋሼ መሳቢያ ውስጥ አገኘና ሰበሰባቸው። ጥፋቱ መቼ እንደጀመረ ቆጠረ፤ ከምርጫው በኋላ ነው። የሚጽፉት ማን እንደሆኑ አሰበ፤ የደርግ ወታደር ናቸው። ከዚያ በኋላ ሌላ ምክንያት መፈለግ አላስፈለገውም።

ግምገማ ተጠራ። እኔም ስለ ወረቀቶቹ እንዳስረዳ ከዞን ታዘዝኩ። መኪና ውስጥ ሆኜ የምናገረውን አዘጋጅ ነበር፤ ማንኳሳን አልፌ ቡሬ እስክደርስ ድረስ አንድም የረባ ነገር ወደ አፌ አልመጣም።

አዳራሹ ውስጥ የወረዳው ሠራተኛ በሙሉ ተሰብስቧል። ጋሼ ከፊት፣ ለብቻቸው ወንበር ተደርጎላቸው ተቀምጠዋል። ኃላፊው ወረቀቶቹን ከፍ አድርጎ ለሰው አሳየ።

“ይሄ የማሽን ማስረጃ ነው። ሰው ሊያዳላ ይችላል፣ ማሽን አያዳላም። ገጽ በገጽ ጥፋት! ኮምፒውተሩ ራሱ እኮ ይጮህበታል፤ ቢሮው ሁሉ ይሰማል። ይሄ ችሎታ ማነስ ነው ወይስ አሻጥር?”

እጄን አወጣሁ።

“ፕሮግራሙ አሻጥር የሚባል ነገር አያውቅም” አልኩ። “የተከፈተው መዘጋቱን ብቻ ነው የሚያየው። የመሬቱ ስፋት ትክክል ይሁን አይሁን፣ ስሙ የማን ይሁን፣ አያይም። እንዲህ ዓይነት ጥፋት ከሁሉም ወረዳ ይመጣል። የሚጎድለው አንዲት ጭረት ናት፤ ዓረፍተ ነገር ላይ አራት ነጥብ እንደ መርሳት ማለት ነው።”

“አንድ ጊዜ መርሳት ነው፤ ሁልጊዜ ከሆነ ግን ዓላማ ነው” አለና ወደ ጋሼ ዞረ። በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እያለ ነበር የሚያናግረው። “እስቲ አንተ ንገረን። መክፈቱን ትከፍታለህ። ለምንድን ነው የማትዘጋው?”

ጋሼ ቀና አሉ። ድምፁ ወደመጣበት እንጂ ወደ ሰውየው ፊት አልነበረም የዞሩት።

“መዝጊያው አይታየኝም” አሉ።

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ሳቁን በሳል ዋጠው። የጎጃም ሰው ቅኔ ሳይፈታ አያልፍም፤ ሁሉም በየሆዱ ሌላ ትርጉም ሰጥቶታል። የሥርዓቱ መጨረሻ፣ የዚያ ሁሉ ስብሰባና ግምገማ መጨረሻ፣ የአገሩ ነገር መጨረሻ አይታየኝም ያሉ መስሎታል። ኃላፊውም እንደዚያው ፈታው። ፊቱ ቀላ።

“የምኑ መዝጊያ? የምኑ? ቃለ ጉባኤ ያዙ! ይሄን ቃል እንዳለ ጻፉልኝ!”

ያን ቀን ጋሼ ምንም አልተቀኙም። በሕይወታቸው ሙሉ በሰምና ወርቅ ሲናገሩ የኖሩ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ የተናገሩት እውነቱን ብቻ ነበር። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሳቸውም ወደ እኔ በኩል ዞር አሉና በዝግታ፣

“ንገሪያቸው ልጄ። ከኔ አፍ ቢወጣ ሰበብ ይሉታል” አሉ።

ተነሥቼ ነገርኩ። ዓይናቸው እንደሄደ፣ ጭረቷን ማየት እንደማይችሉ፣ ኮምፒውተሩን እንዲጮህ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ለምን እንደሆነም ጭምር። ኃላፊው ሰምቶኝ ሲያበቃ ከወረቀቶቹ አንዱን መዘዘና ጋሼ ፊት ዘረጋው።

“አንብብ።”

ጋሼ ተቀበሉት። ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ራቅ አደረጉት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። ወረቀቱ ተገልብጦ ነበር፤ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። ከፊት ያሉትም አዩት። የሳቀ ሰው አልነበረም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

“ይበቃል፣ ይበቃል” አለ ከኃላፊው ጎን የተቀመጠው የወረዳው አስተዳደር ሰው። እሱም ባይናገር ኖሮ እስከ መቼ እንዲያ እንደሚያቆዩአቸው አላውቅም።

አሻጥር የሚለው ክስ ተተወ። ለፖሊስ ይተላለፋል የተባለው ቃለ ጉባኤ ሳይተላለፍ ቀረ። እኔ ይሄን እንደ ድል ቆጥሬው ነበር። በሳምንቱ ግን የሥራ ስንብት ደብዳቤ ተሰጣቸው፤ ለቦታው ብቁ ሆነው አልተገኙም ይላል። ፊርማቸው የት ላይ እንደሚያርፍ ኃላፊው ራሱ ጣታቸውን ይዞ አሳያቸው ብለው የቢሮው ሰዎች ነገሩኝ።

ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። የዓይን ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ሴት ናት፤ ብዙ መብራት አበራችባቸው፣ ጠብታ አደረገች፣ ጠበቀች፣ እንደገና አየች። ሞራ ቢሆን ኖሮ ይገፈፍ ነበር አለችን። የሳቸው ግን የዓይን ግፊት ነው፤ ከውስጥ ያለውን ነርቭ ገድሎታል፣ የሞተ ነርቭ አይመለስም።

“ቀደም ብለው ቢመጡ በጠብታ ይያዝ ነበር” አለች።

“ቀደም ብሎ ማለት መቼ ነው?” አሏት ጋሼ።

“አንድ ዓመት፣ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብለው።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጥተን ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሰው በፊታችን ይመላለሳል። ጋሼ፣ “አስመራ ሳለን ሬዲዮ የሚጠግን አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ዓይኑን በፈንጂ አጥቶም ይጠግን ነበር። እሱ ግን ልጅ ነበር፤ ልጅ ይለምዳል” አሉ። ከዚያ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ጠየቁኝና ክንዳቸውን ይዤ ወሰድኳቸው፤ በሩ ጋ ስንደርስ ልቀቂኝ አሉና ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። በሰው ፊት ያለቀስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቡሬ ያለችውን የኪራይ ክፍል ለቀው እኅታቸው ጋ ገቡ። ቋሪት ብርዳም ደጋ ነው፤ ቡሬን የለመደ ሰው አጥንቱ ድረስ ይሰማዋል። አንድ ጊዜ ገበዝ ማርያም ለሥራ በሄድኩበት ከከተማው ወጥቼ ጠየቅኋቸው። ምድጃ ዳር፣ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው ነበር። ፂማቸው አድጓል። እስከ አንገታቸው ይቆልፉት የነበረው ሸሚዝ ቁልፉ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ እኅታቸው ላስተካክልልህ ስትላቸው እጇን ገፉት።

“ቡሬ እንዴት ሆነ?” ብለው ጠየቁኝ።

“አዲስ ጸሐፊ ተቀጠረች።”

“ትዘጋለች?”

“ትዘጋለች ጋሼ።”

“ጎበዝ” አሉ። “ሰዎቹስ ደብተራቸውን አገኙ?”

አዎን አልኳቸው፤ እውነትም አብዛኞቹ አግኝተዋል። ኃላፊው ወደ ዞን ማደጉን፣ አሁን ከእኔ ቢሮ በላይ እንደተቀመጠ፣ ደረጃ ላይ ስንገናኝ እንዳልተዋወቀ እንደሚያልፈኝ ግን አልነገርኳቸውም። ሲሸኙኝ በሩን አልፈው እስከ አጥሩ መጡ። ዝናብ ሊጥል ነበር፤ ንፋሱ ከላይ ይነፍሳል። “ሂጂ፣ ሳይይዝሽ” አሉኝ።

የሞቱት በተከታዩ ክረምት ነው። ከቤቱ በስተጀርባ ጎርፍ የቦረቦረው ገደል አለ። ጧት፣ እኅታቸው ላም ስታልብ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ለብቻቸው ወጡ፤ በጭቃው አዳለጣቸው። ሰው ሲደርስ አልቋል። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ስለነበር እኔ ለቀብሩ አልደረስኩም፤ የሄድኩት መስከረም ብቅ ሲል ነው።

እኅታቸው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወሰደችኝ። አፈሩ ገና አልረጋም፤ ሣር ይበቅልበት ጀምሯል። ከዚያ ወደ ቤት ተመልሰን የቀቀለችውን ድንች አቀረበችልኝ። ቁጭ ብላ ልጣጩን እያነሳች፣

“ከዚያ ሁሉ ጥይት ወጥቶ የመጣ ሰው ነው” አለችኝ። “ምን ሆነ እያለ አገሩ ይጠይቀኛል። አንቺ ቢሮ አብረሽው ነበርሽ። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አደረጋቸው ነው ያሰናበቱት?”

ስለ ጭረቷ ልነግራት ጀመርኩ። መክፈቻ፣ መዝጊያ፣ ጥቁሩ መስኮት፣ ቀስቷ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ ድንቹን በጨው ነክራ ወደ እኔ አስጠጋች።

“ይህችው ናት?” አለች።

“ይህችው ናት” አልኳት።